በብርድ ልብስ የተቀቀለ ማክ

ጋሼ ቢዮንጉ፣

ማክ ላፕቶፕህን እንዲበርድ በረንዳ ላይ አውጥቼዋለሁ። ሌባ አልወሰደውም፤ ማን ይፈልገዋል።

ጠዋት ስነሳ የወለሉ ማሞቂያ እንደበራ፣ ማክህ እዚያው ወለል ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ተኝቷል። እናቴ የአባቴ ሩዝ እንዳይቀዘቅዝባት እንዲህ ነበር የምትሸፍነው። ስገልጠው ስታክ አድርጓል። ነገ የምታስረክበው የሕንፃ ሥዕል ስክሪኑ ላይ ከላይ እየተሳለ ወርዶ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቀርቷል።

መሳያው ፕሮግራም ያለ ዊንዶውስ እንደማይሠራ ሳትገዛው ነግሬሃለሁ። አንተ ግን «ካፌ ይዤው ስገባ ሰው ያየኛል» አልክ። ይኸው አየንህ። ማክ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ዊንዶውሱ ውስጥ ፕሮግራሙን አጭቀህ፣ በላዩ ብርድ ልብስ። ሙቀት በየት እንደሚወጣ የማያውቅ አርክቴክት ለሰው ቤት ሊሠራ ነው።

የእኔን ኮምፒውተር ግን «የገበሬ ትራክተር» አልከው። ጓደኞችህ ፊት።

ለምን እንደሸፈንከው ገብቶኛል። ማታ «ይሄ ነገር እየጮኸ እንቅልፍ ነሳኝ» ብዬ የተነጫነጭኩት እኔ ነኝ። እሱን እንተወው።

እናቴ ጋ ለክረምቱ የሚቀመጥ የጎመን ኪምቺ ልናዘጋጅ ሄጃለሁ፤ እሑድ እመለሳለሁ። ምድጃው ላይ የአኩሪ አተር ሾርባ አለ፣ አሙቀህ ብላ። ማሞቂያውን አጥፍቼዋለሁ፤ ከበረደህ ብርድ ልብሱን አንተው ልበሰው።

ሥራህን ከፍላሽህ ገልብጬ ትራክተሩ ላይ አስጀምሬዋለሁ። ስወጣ ሦስተኛውን ፎቅ አልፎ ወደ በሩ እየወረደ ነበር።

ይጮኻል። እንዳትሸፍነው።

ሳንጉክ