ደንገጎን ወጥቶ የወረደው ባሌስትራ፦ የአቶ ወልደጻድቅ ሀብተ ማርያም የሕይወት ታሪክ

ሐዲድ ሠራተኛው አቶ ሀብተ ማርያም ደስታና ወይዘሮ አስካለ ወርቄ በ1907 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ አቶ ወልደጻድቅን ወለዱ። እናታቸው ቀድመው ስላረፉ ያሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። ፊደል ከቄስ ቆጠሩ፤ ዳዊት ሳይደግሙ ግን መዶሻ ያዙ። ጉድለት ነው የሚል ካለ ይበል።

ጠላት ከወጣ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ጋራዥ ከፈቱ። በዚያው ዓመት ወይዘሮ ጥሩወርቅን አግብተው አራት ልጆች አፈሩ። መለዋወጫ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መኪና ቆሞ በሚዝግበት ዘመን፣ ጠላት ጥሎት ከሄደው መኪና ብረት እየመረጡ፣ በከሰል አግለው፣ በመዶሻ አጉብጠው፣ በተቃጠለ ዘይት አብርደው፣ ከመኪናው ሥር ሆኖ ጭነት የሚሸከም ባሌስትራ ይሠሩ ነበር። ቀጥቃጭ እያለ የሚያማቸው ሁሉ መኪናው ሲጎብጥበት የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው።

በ1947 ዓ.ም. የመጋላው ነጋዴ የአቶ ሰማታር የጭነት መኪና ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ባሌስትራው ተሰብሮ ተገለበጠ። ሰው አልሞተም፤ የረዳቱ እግር ግን ተሰበረ። ባሌስትራው የአቶ ወልደጻድቅ ሥራ ነበር። ይህ ዛሬ ይታለፍ ያሉ ዘመዶች ነበሩ። አይታለፍም። ባለመኪናው ቢያጣድፏቸው ብረቱን በዘይት ፈንታ በውሃ አብርደውት ነበር፤ በውሃ የበረደ ደግሞ እንደ ገል ይሰበራል። ይህንንም በሽማግሌ ፊት ራሳቸው ተናገሩ፤ ረዳቱንም እስኪድን ቤታቸው አስታመሙ።

ከተማው ግን የቤት ባሌስትራ የሬሳ ሣጥን ነው አለ። ጋራዡ ጭር አለ። አቶ ወልደጻድቅ መዶሻቸውን ሊጥሉ ሲሉ ወይዘሮ ዘነበች፣ “ጥፋትህን ካወቅኸው ሌላ ባሌስትራ ሥራ፤ እኔ እቀመጥበታለሁ” አሏቸው። በዘይት አብርደው ሠሩ። አቶ ሰማታርም መኪናቸውን አልከለከሉም። ወንድምና እህት መኪናው ከጫነው የማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ደንገጎን ወጡ፣ ወረዱ። ቀፊራ ሲደርሱ ቅመም ሻጯ ሃሊሞ፣ “ወገብሽ ነው ወይስ ባሌስትራው የተሰበረው?” ብትላቸው፣ ወይዘሮ ዘነበች “ሁለቱም ደኅና አሉ” ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ አቶ ወልደጻድቅ በጭነቱ ላይ ተቀምጠው ደንገጎን ሳይወርዱ ያስረከቡት መኪና የለም።

የከሰሉ ጢስ ደረታቸውን ይዟቸው ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 1965 ዓ.ም. በ58 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ አራት ልጆቻቸውና እህታቸው አሉ። የሸካሚን ድካም የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።

ዛሬ ወደ ቅዱስ ሚካኤል የሚወስዳቸው የአቶ ሰማታር መኪና ነው። ከሥሩ ያለው ያው ከእህታቸው ጋር የተቀመጡበት ባሌስትራ ነው። የፈራ በእግሩ ይከተል።