ለስልሳ እንዚራ የዘገየ መልስ፦ የአቶ ተክለአብ ኃይለመለኮት የሕይወት ታሪክ

አቶ ተክለአብ ኃይለመለኮት ከአባታቸው ከመምህር ኃይለመለኮት ዓባይ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፀሐይወርቅ ኪዳኔ፣ በአዲስ አበባ ከተማ ጉለሌ ሰፈር፣ ጥር 6 ቀን 1972 ዓ.ም. ተወለዱ። ከሁለት ወንድማማቾች ታናሹ ነበሩ። እናታቸው ቀድመው አርፈዋል። አባታቸው የታወቁ የበገና መምህር ሲሆኑ፣ ዛሬ በሰማንያ አራት ዓመታቸው በሕይወት አሉ። ይህ ጽሑፍ እዚህ ለንደን ከተነበበ በኋላ ታላቅ ወንድማቸው አቶ መዝገቡ ይዘውት ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ የመምህር ዐይን ስለደከመ ቁጭ ብለው ያነቡላቸዋል። ስለዚህ እዚህ ላለነው የረዘመ ቢመስል፣ እዚያ የሚጠብቅ ሰሚ እንዳለ ታስቦ በትዕግሥት እንዲደመጥ ቤተሰቡ ይጠይቃል።

አቶ ተክለአብ በገና መማር የጀመሩት በዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ለማያውቁት ለማስረዳት ያህል፣ በገና ዐሥር አውታር አለው። በእያንዳንዱ አውታርና አውታሩ በሚያርፍበት እንጨት መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። በገናን እንደ ንብ ቀፎ የሚያስተጋባው ያ ቆዳ ነው። መምህር ለልጃቸው መጀመሪያ ያስተማሩት መደርደር ሳይሆን ቆዳ መቁረጥ ነበር። «ሁለት ዓመት ሙሉ በገና ተማሪ ሳልሆን ጫማ ሰፊ ነበርኩ» እያሉ አቶ ተክለአብ ይስቁ ነበር።

የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ጉለሌ አጠናቀው፣ በ1994 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ተመረቁ። ሁለት ዓመት አስተማሩ። በ1997 ዓ.ም. መስከረም፣ በድምፅ ሳይንስ ማስተርሳቸውን ለመሥራት ወደ ለንደን መጡ። ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በዚህ አገር አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ዕቅዳቸው ትምህርቱን ጨርሰው መመለስ ነበር። ከግንቦቱ ምርጫ በኋላ ግን አብረዋቸው ያስተምሩ ከነበሩት ሁለቱ ታሰሩ፤ የእሳቸውም ስም እንደተጠየቀ ሰሙ። በ2005 መጨረሻ ጥገኝነት ጠየቁ። ጉዳያቸው ሳይወሰን አራት ዓመት ቆየ። በእነዚያ አራት ዓመታት መሥራት አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ማስተርስ ያለው የሃያ ስድስት ዓመት ሰው በለንደን ስትሪትሃም ሰፈር በአንዲት ክፍል ተቀምጦ ፖስታ ይጠብቅ ነበር።

ለዚህ ጽሑፍ በቀረበው የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ፣ ቀጥሎ የሚመጡት ዐሥራ ሦስት ዓመታት «በትርፍ ጊዜያቸው ሙዚቃ ይወዱ ነበር» በሚል አንድ መስመር ታልፈዋል። የዕድራችን ዳኛ አቶ አለማየሁም በቅን ልቦና፣ ጽሑፉን ላዘጋጁት ለአቶ ተክለአብ ባለቤት «ኂሩትዬ፣ ባንድ የሚለውን ነገር ተይው፤ ካህናት ፊት እኮ ነው የሚነበበው» ብለው መክረዋል። ምክራቸው በአክብሮት ተሰምቷል። ነገር ግን አቶ ተክለአብ ሙዚቃን በትርፍ ጊዜያቸው አልወደዱም። ትርፍ ጊዜም አልነበራቸውም።

በ2006 መጀመሪያ፣ እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ ብለው ስቶክዌል በሚገኝ የሰፈር አዳራሽ ያለክፍያ የድምፅ መሣሪያ መጠገን ጀመሩ። በዚያ አዳራሽ ማክሰኞና ሐሙስ የሚለማመዱ ሦስት እንግሊዛውያን ነበሩ፤ ዘፋኙ ቶቢ፣ ጊታር የምትጫወተው ክሌር፣ እና ከበሮ መቺው ጌሪ። ሦስቱም ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል። የባንዳቸው ስም «ሪፕሌስመንት ባስ» ይባላል፤ እሑድ ባቡር ሲቋረጥ በምትኩ የሚመደበው፣ ሁላችንም ዝናብ ላይ ቆመን የምንረግመው አውቶቡስ ማለት ነው። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ጓደኛቸው መሣሪያውን ጥሎ ሄዶ ነበር። አቶ ተክለአብ ያንን ጊታር ሲጠግኑ፣ ከአሮጌ ቀበቷቸው አራት ቁራጭ ቆዳ ቆርጠው ከአራቱ ክሮች ሥር አስገቡ። ለምን እንዳደረጉት ሲጠየቁ «እጄ ለምዶ ነው» ይሉ ነበር።

ጌሪ ድምፁን ሲሰማ፣ በስማቸው የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደል ጠርቷቸው «ቲ፣ ጭራሽ ሰበርከው እኮ!» አለ። ቶቢ ግን ከአዳራሹ ማዶ «ማንም እንዳይነካው! እንደተሰበረ ይቆይ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ አቶ ተክለአብ የባንዱ አራተኛ ሰው ሆኑ።

የሪፕሌስመንት ባስ ሙዚቃ ጩኸት የበዛበት አይደለም። ቶቢ የሚዘፍነው ስለ ተራ ነገር ነው፤ ስላልደረቀ ካልሲ፣ ተመልሶ ስላልተደወለ ስልክ፣ ከላይኛው ፎቅ ስለሚሰማ የሰው እርምጃ። ክሌር ጊታሯን ቁጥብ አድርጋ ትነካለች። ጌሪ ከበሮውን ፎጣ አልብሶ ይመታል። ከሥር የአቶ ተክለአብ ቤዝ ያስተጋባል። ሌላ ተጫዋች በሚሮጥበት ቦታ እሳቸው ይጠብቃሉ፤ አንዱን ክር ከነኩ በኋላ ንዝረቱ እስኪያልቅ ሌላውን አይነኩም። ባንዱን ከሌሎቹ የለየው ይህ መጠበቅ ነው። መጠበቁን ያስተማሯቸውም ጉለሌ ያሉት መምህር እንጂ የለንደን የሙዚቃ ሰፈር በሆነው ካምደን ያለ ሰው አይደለም።

በ2007 «ያልደረቀ ቀለም» የተባለው የመጀመሪያ አልበማቸው ወጣ። ካምደን ውስጥ ባሉ ትንንሽ አዳራሾች ሰው ይሰለፍላቸው ጀመር። ስለዚያ እንግዳ ድምፅ ጋዜጠኞች ሲጠይቁ፣ አቶ ተክለአብ ቶቢን «ካምደን ገበያ የገዛነው የተቀደደ ስፒከር ነው በላቸው» አሉት። ቶቢም አላቸው። ወሬው ስለጣመ በየጽሑፉ ተደገመ። በአልበሙ ሽፋን ላይ የእሳቸው ስም የለም፤ ያለው «ቲ» የሚል አንድ ፊደል ነው። የሥራ ፈቃድ ስለሌላቸው ነው ተባለ። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው።

ሌላው ግማሽ ይህ ነው። በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ መምህር ኃይለመለኮትም በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። አቶ ተክለአብ የበገናን ድምፅ ቢራ በሚጠጣበት አዳራሽ ማሰማታቸውን አባታቸው እንዳያውቁ ፈሩ። ቀበቶው ሲያልቅ ግን እንዚራ ከአባታቸው ማስመጣት ግድ ሆነ። «በገና ልደረድርበት ነው» ብለው አስላኩ። በገና በእርግጥ ነበራቸው። ስትሪትሃም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኂሩት ዘርይሁንን የተዋወቁት በ2008 ወይዘሮ ኂሩት በሚሠሩበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ አቶ ተክለአብ የጥገኝነት ወረቀታቸውን ኮፒ ሊያደርጉ መጥተው ነው። በ2009 ፈቃድ አገኙ፤ ወዲያውም በአንድ ሆስፒታል የመስሚያ መሣሪያ ቴክኒሻን ሆነው ተቀጠሩ። ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በዚህ ሥራቸው፣ «የጆሮው ተክለአብ» በሚለው ስም ነው። መስከረም 2010 በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጋቡ። በ2012 ልጃቸው ዳናዊት ተወለደች።

በተጋቡበት ዓመት ባንዱ ከአንድ ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ሁለተኛ አልበም ቀረጸ። ኩባንያው የመደበው የድምፅ ባለሙያ የስፒከሩን ወሬ ጋዜጣ ላይ አንብቦ ነበርና፣ ንዝረቱን የተበላሸ መሣሪያ ጉድለት ነው ብሎ አመነ። ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጦ ከአንድ ዘፈን ወደ ሌላው እየሄደ አጸዳው። ሲጨርስ አቶ ተክለአብን ጠርቶ በኩራት አሰማቸው፤ «ይኸው፣ አንዲት ንብ የለችም!» አላቸው። አቶ ተክለአብ አመሰገኑት። ድምፁ ከእንዚራ የመጣ መሆኑን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ አልተናገሩትም። ባለቤታቸው ያንን ምስጋና እስከ ዛሬ መረዳት አልቻሉም።

አልበሙ ወጣ። «እንደማንኛውም ባንድ ሆኑ» ተብሎ ተጻፈ። ኩባንያው ውላቸውን አቋረጠ። ቶቢና ክሌር ለጊዜው ተኮራረፉ። በዚህኛውም ሽፋን ላይ፣ አሁን ፈቃድ እያላቸው፣ ስማቸው «ቲ» ብቻ ነው፤ አንድ የሚያውቃቸው ሰው ለመምህር እንዳይልከው ፈርተው።

ሦስተኛውን አልበም ያለ ኩባንያ፣ እዚያው ስቶክዌል አዳራሽ ውስጥ፣ የእንዚራውን ንዝረት ሳያጸዱ ቀረጹ። በ2014 ወጣ። ባንዱ የሠራው የላቀ ሥራ እሱ ነው፤ ከኩባንያ ውጭ ስለወጣ ግን የሰማው ሰው ጥቂት ነው። በገና ላይ ዓመታት የሚቆየው እንዚራ ቤዝ ጊታር ላይ በአንድ ምሽት ያልቃል። በዚያ ዓመት ዐሥራ አምስት ዝግጅት ነበራቸው፤ ለእያንዳንዱ አራት እንዚራ ይፈጃል። መምህር ስልሳውን ቆርጠው ከላኩ በኋላ፣ በ2015 ዐቢይ ጾም መካከል ይህ ደብዳቤ ደረሰ፦

«ልጄ ተክለአብ፣ ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ ዐሥር እንዚራ ይበቃዋል። አንተ በዓመት ስልሳ ወሰድህ። እንዚራውን ታስገባዋለህ ወይስ ትበላዋለህ? የምትበላው ከሆነ ጾም መሆኑን አትርሳ። መልስህን ቶሎ ላክልኝ።»

አቶ ተክለአብ ሳቁ። መልስ እንዲጽፉ ባለቤታቸው ለመኗቸው። «ከፋሲካ በኋላ» አሉ። አራት ፋሲካ አለፈ። ስልክ ሲደወል ወሬው ስለ ዳናዊት ትምህርት፣ ስለ ጉልበት ሕመም ሆነ። መልስ ባይሄድም እንዚራው በየዓመቱ መምጣቱን አላቆመም። ካረፉ በኋላ የጊታሩ ሳጥን ሲከፈት፣ «ይድረስ ለውድ አባቴ» ብለው የሚጀምሩ ሰባት ወረቀቶች ተገኝተዋል። አንዱም ከሰላምታው አላለፈም።

በጥቅምት 2018 የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሐኪሞቻቸውና ነርሶቻቸው በትጋት ረድተዋቸዋል፤ ቤተሰቡ ያመሰግናል። በጥር ወር ከአዲስ አበባ አርባ እንዚራ መጣ። አብሮት የነበረው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ይህ የፍየል ነው፤ ከበፊቱ ይበረታልሃል። ለምን እንደሆነ ግን አሁንም አልነገርኸኝም።» የካቲት ላይ ሦስቱ ጓደኞቻቸው ስትሪትሃም መጡ። አቶ ተክለአብ ትራስ ተደግፈው አራቱን እንዚራ በገዛ እጃቸው አስገቡ። ጌሪ ከበሮ ስላላመጣ የምግብ ጠረጴዛውን መታ። አንድ ዘፈን ተጫወቱ፤ ሁለተኛውን አልጨረሱም። ክሌር «በዚህ ቆዳ ይሻላል፣ ቲ» ስትላቸው፣ «አባቴ ነው የመረጠው» አሏት። በባንዱ ፊት አባታቸውን ያነሡት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አቶ ተክለአብ ሐሙስ መጋቢት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በዚህ አገር አቆጣጠር በ21 ማርች 2019፣ በተወለዱ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። አባታቸውን መምህር ኃይለመለኮትን፣ ወንድማቸውን አቶ መዝገቡን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኂሩትን፣ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ዳናዊትን፣ ሦስት የባንድ ጓደኞቻቸውንና ሦስት አልበሞችን ትተው ሄደዋል። በአልበሞቹ ላይ «ቲ» የተባሉት አቶ ተክለአብ ኃይለመለኮት ናቸው። ይህ ከዛሬ ጀምሮ በጽሑፍ ይታወቅ።

መምህር፣ ለደብዳቤዎ መልሱ ይኸው ነው። ልጅዎ እንዚራውን አልበሉትም። እንግሊዞች በሚጫወቱት ጊታር ላይ አስገብተውታል፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት። የጸሎት ዜማ አንድም ቀን መድረክ ላይ አላነሡም፤ ከበገናው የወሰዱት ቆዳውንና መጠበቁን ብቻ ነው። ይህን ራሳቸው ሊነግሩዎት ይገባ ነበር። መልሱ ያስቆጣዎት እንደሆነ፣ ቁጣው ለዘገየው ለሁላችን ይሁን። ከአርባው ሠላሳ ስድስቱ ቤት አሉ። ለዘንድሮ ፋሲካ የጀመሩት ካለ፣ ከእንግዲህ እንዳይቆርጡ።

ያልተጻፈውን ደብዳቤ የሚያነብ አምላክ የአቶ ተክለአብን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለአባታቸውም የሚሰሙበትን ልብ ይስጥልን። አሜን።