ከትራሷ ስር ያገኘሁት መጽሐፍ

እህቴ፣

ሾርባው ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቂው። ቧንቧው አሁንም ያንጠባጥባል፤ ባልዲ አድርጌበታለሁ።

ትናንት እራት ላይ ዝም ያልኩት ራሴን አሞኝ አይደለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ይዘሽ ገበያ እንደምትሄጂ ነው የነገርሽኝ። አንዲት ሽንኩርት እንኳ ሳይዝ ከገበያ የሚመለስ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ትናንት አንሶላ ስቀይር ከትራሷ ስር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አገኘሁ። ከኋላው የተለጠፈው ወረቀት ላይ አምስት የቀን ማህተም አለ፤ አምስቱም ቅዳሜ። አንድን መጽሐፍ አምስት ጊዜ የምትዋሱት ምን ቢኖርበት ነው?

ገለጥኩት። ባለታሪኳ እንደ ልጄ ጆሮዋ ላይ የመስሚያ መሣሪያ ያደረገች ልጅ ናት። ዛፍ ትወጣለች፣ ትጣላለች፣ ትስቃለች። አንድም ሰው አያዝንላትም።

ከጀርባዬ ልጄን ምን እያልሻት ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጸጉሯን ጆሮዋ ላይ የምለቅላት ሰው እንዳያፈጥባት ብዬ ነው። ይህን ታውቂያለሽ። ለዚህም ይመስለኛል የደበቅሽኝ።

ዛሬ ሄጄ ለቤተ መጻሕፍቱ ልመልሰው መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር። ጠዋት ግን ማበጠሪያ ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ ወደ ኋላ እሰሪልኝ። ጆሮዬ ይታይ።»

አሰርኩላት። ሁለት ጊዜ ፈታሁት፣ ሁለት ጊዜ መልሼ አሰርኩት። እንደዚያው ሆና ትምህርት ቤት ሄዳለች። ከሰዓት ስታመጫት ጸጉሯን እንዳትነኪባት።

መጽሐፉን ትራሷ ስር መልሼዋለሁ።

የቅዳሜ ፈረቃዬን ቀይሬያለሁ። ያለ እኔ ገበያ እንዳትሄዱ።