በስልክ ዳማ የሚገጥመኝ ሰው

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ለእርስዎ ብቻ።

ሰላምታዬ ከደጃፉ አልፎ እርስዎ ካሉበት ክፍል ድረስ ይግባልኝ። እንደምን ከረሙ አባባ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? እማዬስ ወገቧ ተሻላት ወይስ ዛሬም "ምንም አልሆንም" እያለች ባልዲ ታነሳለች? ይህን የምጠይቀው ለወግ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ መልስ እፈልጋለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ማደሪያችን አራት አልጋ ያላት ክፍል ናት፤ ቅዳሜ ከሰዓት አልጋዎቹን ገፋ እናደርግና ምንጣፉ ላይ የካርቶን ሰሌዳ ዘርግተን እንጫወታለን። ከመካከላችን አንዱ በስውር ዕጣ ከሃዲ ይሆናል፤ የቀረነው በጥያቄ አፋጥጠን እናወጣዋለን። "ሕግ አጥና ብለን ብንልከው ጨዋታ ያጠናል" እንደሚሉ አውቃለሁ። ግን ምስክር እንዴት እንደሚጠየቅ ከክፍል ይልቅ እዚያ ምንጣፍ ላይ ነው የተማርኩት። "ዐቃቤ ሕግ" ብለን የምንጠራው የክፍል ጓደኛዬ "አንተ እኮ ጥላህንም ትጠረጥራለህ" ይለኛል። ይበል። ዛሬ የምጠረጥረው እርስዎን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ወር በፊት በስልኬ ዳማ መጫወት ጀመርኩ፤ ጨዋታው በኢንተርኔት ከማላውቀው ሰው ጋር ያጋጥመኛል። "ባለማኅተሙ" የሚባል አንድ ሰው ግን እየተመላለሰ እኔኑ ይፈልገኝ ጀመር። የኋላ ጠርዝ ጠጠሮቹን እስከ መጨረሻው ንቅንቅ አያደርጋቸውም። ሲያሸንፈኝ ደግሞ "ይመዝገብልኝ" ብሎ ይጽፋል። አባባ፣ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት በምሳ ሰዓት በቆርኪ ሲያስተምሩኝ እንዲሁ አልነበር የሚጫወቱት? ቆርኪዬን ሙልጭ አድርጎ በልቶ "ይመዝገብልኝ" የሚል ሰው ከእርስዎ ሌላ አላውቅም። እኔ በጨዋታው የምጠራበትን ስም ደግሞ ከቤት የምታውቀው እህቴ ብቻ ናት።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ኋላ ግን ደሜ ፈላ። ለዚያ ሰው፣ ባዳ መስሎኝ፣ "የውል ሕግ ራሴን አዞረው፣ ትምህርቱን ልተወው ነው" ብዬ ጽፌለት ነበር። በሦስተኛው ቀን እህቴ ደውላ "አባባ ትምህርቱን እንዳይተው ብለዋል" አላለችኝም? ማን ነገራችሁ ስላት ማሳል ጀመረች። ምስኪን፣ መዋሸት አትችልበትም። ልጁን በጨዋታ የሚሰልል አባት አለኝ ብዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ።

ኩርፊያዬ ሲበርድ ማስረጃ ልሰብስብ ብዬ የተጫወትንባቸውን ሰዓቶች ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት። ማክሰኞ አምስት። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ትኩሳት እንኳ ከሥራ ያላስቀረዎት፣ በሥራ ሰዓት ስልክ የሚነካካ ጸሐፊ ካዩ የሚቆጡት እርስዎ፣ ሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት የት ሆነው ነው ዳማ የሚጫወቱት?

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ይጎረብጠኝ ጀመር። ያለፉት ሁለት ደብዳቤዎች በእህቴ እጅ ጽሑፍ ነው የመጡት፤ "ሥራ በዝቶባቸው ነው" ትላለች። የእኔን ጽሑፍ "ዶሮ የጫረችው" የሚሉት፣ ማመልከቻዎን ሌላ ሰው እንዳይጽፍልዎ የሚከለክሉት እርስዎ፣ ለልጅዎ ደብዳቤ በሰው ያጽፋሉ? ባለፈው እሁድ ስደውል እማዬ "ገና አልገባም" አለችኝ፤ እህቴ ስልኩን ተቀብላ "ተኝተዋል" አለችኝ። በአንድ ስልክ ሁለት ምስክር፣ ሁለት ቃል! ባለማኅተሙም አሁን አሁን አንዲት ጠጠር ለመግፋት ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል። በቀደም ሲያሸንፈኝ የጻፈው "ይመዝ" ብቻ ነው። ቀሪውን ጠበቅኩ፤ አልመጣም።

ፈራሁ አባባ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈራሁ። ዐቃቤ ሕግ "ምናልባት ፈቃድ ወስደው ይሆናል" አለኝ፤ ሰው ሲከስ እንጂ ሲያጽናና አይቼው ስለማላውቅ ይባስ ደነገጥኩ። ፈተናዬ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። "ፈተናውን ሳይጨርስ እንዳትነግሩት" ብለው ቤተሰቡን በሙሉ እንዳስማሉ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። እኔን ሳይሰሙ ነው የፈረዱት። ፈተናውን በሚመጣው ዓመትም እፈተነዋለሁ፤ እርስዎን ግን አሁን ነው የምፈልግዎት። ተሳስቼ ከሆነ ደግሞ ደስታዬ ነው፤ ዕድሜ ልክዎን ይሳቁብኝ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ባልዲውንም ያስቀምጡልኝ። እህቴን "ተቀይሞሻል፣ ግን ይወድሻል" ይበሉልኝ። አክስቴንና ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎ የአጎቴ ልጅ፣ ሹፌሩ ነው። በእርስዎ እጅ እንጂ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። ሲቀበሉት የትኛውን እጅዎን እንደዘረጉም አይቶ ወዲያው እንዲደውልልኝ አደራ ብዬዋለሁ። የሚጽፉበት ቀኝ እጅዎ ካልሆነ፣ የዚያኑ ዕለት ተነስቼ እመጣለሁ።

ልጅዎ

ከተማሪዎች ማደሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ግንቦት 11 ቀን