ዘግይታ የምታነሳው ካሜራ

ማክሰኞ

ካሜራዬን ሰበሩት። መራዊ መንገድ ላይ፣ ኬላው ጋ። ሠርግ ልቀርጽ እየሄድሁ ነበር። ታጣቂው ቦርሳዬን ከፍቶ ትልቁን ሌንስ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። "ጋዜጠኛ ነሽ?" የሠርግ ነኝ ብዬ ሳልጨርስ መሬት ላይ አስቀምጦ በሰደፍ ወቀጠው። ወቀጠው፣ እንደ በርበሬ። ስጮህ ደግሞ ትከሻዬን አለኝ። ቀኝ እጄ አይነሳም፤ ይህን የምጽፈው ክርኔን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ ነው።

አመሻሽ ላይ እናቴ ከሐይቁ ማዶ፣ ከደልጊ ደወለች። ስለ ትከሻዬ አልነገርኋትም። የጎረቤታችን ልጅ በተባራሪ ጥይት ሞቷል። ለቅሶው ላይ ከፍ ተደርጎ የሚያዝ ፎቶ ቢፈለግ ጠፋ፤ እናቱ ሸሚዙን ይዛ ደረቷን ስትደቃ ዋለች። "የይሁኔም ፎቶ የለን፤ መጥተሽ አንሽልኝ" አለች። ይሁኔ ታላቅ ወንድሜ ነው። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እሱ መረብ በሚጥልበት ዳር ሰሞኑን ይተኮሳል። ለምን እንደምትፈልገው አልጠየቅኋትም።

ረቡዕ

ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ያገለገለ ካሜራ ፍለጋ። ቀላል፣ መቀነቴ ውስጥ የምትገባ፣ ሲያዩዋት ጋዜጠኛ የማታሰኝ። ስልክማ ኬላ ላይ ይፈተሻል፣ ካሰኛቸውም ያስቀሩታል።

ነጋዴው ሦስት አወጣልኝ። የአንደኛዋ ሌንስ ሻግቷል። ሁለተኛዋ ደህና ናት፣ ግን ስትከፈት ሌንሷ እንደ አፈሙዝ ወደ ፊት ይወጣል። ይህን ይዤ ታጣቂ ፊት ልቁም? ሦስተኛዋ ጥቁር ናት፣ ከሳሙና አትበልጥም። ኪሴ ከትቼ ሱቁን ስዞር መኖሯን ረሳኋት። ጉድለቷ አንድ ነው፤ ስጫናት ዝም ትልና ቆይታ ታነሳለች። "ትንሽ ታስባለች እንጂ ጤነኛ ናት፣ እህቴ" አለኝ። እሺ። ቻርጀሯን ለብቻ ልሽጥ ሲል ግን ደሜ ፈላ፤ በግራ እጄ ኮሌታውን ጨመደድሁት። ትናንት ያልያዝሁትን ኮሌታ መሆኑ ነው። ሰው ገላገለን። ቻርጀሯን ይዤ ወጣሁ።

ዓርብ

በጀልባ ደልጊ ገባሁ። ስሳፈር ቦርሳዬን በረበሩት፤ መቀነቴን አልነኩም። እናቴ ካሜራዋን አገላብጣ አየቻት። "ይች ናት ሰው የምታነሳ?"

ይሁኔ የመጣሁበትን ሲሰማ በርጩማውን በእርግጫ አነሳው። "ገና ሳልሞት ልታለቅሱልኝ ነው?" ራቱን ሳይበላ ወጣ።

ቅዳሜ

ከንፈሬ አብጧል።

ጠዋት ይሁኔ ሐይቁ ዳር መረቡን ይጠግናል። ደንገሉ ጥግ ተቀምጬ ካሜራዋን በነጠላዬ ሸፈንኋት። አንገቱን ደፍቶ፣ ረጋ ብሎ፣ እንዴት ያምር ነበር። ተጫንሁ። እሷ ማሰብ ጀመረች። እሱ ቀና አለ።

"አንች ሟርተኛ!" ብሎ ተወርውሮ መጣ። ጥፊው ፊቴን ከካሜራዋ ጋር ጠረገው። በግራ እጄ መቅዘፊያ አንስቼ ጀርባውን አገኘሁት። ጭቃ ላይ ተያያዝን፤ ጸጉሬን ጎተተ፣ ክንዱን ነከስሁት። እናቴ እየጮኸች መጣች። በመጨረሻ ምራቁን እንትፍ ብሎ ጀልባውን ገፍቶ ሄደ።

ካሜራዋን ከጭቃ አወጣኋት። ትሠራለች፤ ትልቁ ቢሆን አልቆለት ነበር። አንስታለችም። ፎቶው ላይ መዳፉ ግማሹን ሸፍኖታል። ከመዳፉ ኋላ አንድ ዓይንና የተከፈተ አፍ።

እሑድ

ከንጋት ጀምሮ ተኩስ ነው። ይሁኔ ትናንት እንደወጣ አልተመለሰም።

ረፋዱ ላይ ዓሣ አጥማጆች ጀልባውን ባዶውን ጎትተው አመጡልን። ተበሳስቷል፤ ውስጡ ደም አለ። እናቴ አላለቀሰችም። "ፎቶውን አምጭ" አለችኝ። ሌላ የለኝም፤ ያንኑ አሳየኋት። አየችው። በቡጢ ደረቴን መታችኝ፣ ከዚያ የራሷን። "ልጄን በዚህ ነው የማለቅስለት? በቁጣው?"

ካሜራዋን መቀነቴ ውስጥ መለስኋት። ያንን ጥፊ ዛሬ ደግሞ ቢያቀምሰኝ ምን ነበረበት።

ሰኞ

መጣ! በእግሩ፣ ደንገል ለደንገል፣ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ። ተኩሱ ሲጀመር ሐይቁ ውስጥ ዘልሏል። አንዱ ጥይት የክንዱን ሥጋ ቦጭቆት አልፏል፤ እኔ የነከስሁት ክንድ ነው። እናቴ ቁስሉን በጨው ውኃ እያጠበች ትሰድበዋለች፤ ሰድባ ትስመዋለች። እኔ ጓሮ ሄጄ አለቀስሁ።

ስመለስ "እስቲ ያችን ነገር አምጫት" አለኝ። ሰጠሁት። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ፎቶውን አየው።

"አጠፋዋለሁ፤ አረፍ በልና ደህና አድርጌ ላንሳህ" አልሁት።

"እንዳታጠፊው። የሞትሁ እንደሆን ይህን ያዙልኝ። እምቢ ማለቴን ሰው ይይልኝ።"

እናቴ የጨው ውኃውን ይዛ ወጣች፤ ደጅ ስትደፋው ሰማሁ። አልተቆጣችውም።

ፎቶው ያለባትን ሚሞሪ ካርድ፣ ሲፈትሹ እንዳያገኙብኝ፣ ሹሩባዬ ውስጥ ደብቄያታለሁ። ነገ ወደ ባሕር ዳር ጀልባ አለ ይላሉ።