ስለ ቀይዋ መኪናዬ ፍሬንና ስለ አብዱራሕማን እስር

ለተከበሩ ጓድ አያሌው ደምሰው
የቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ
ቦሌ፣ አዲስ አበባ

ሰኔ 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት እየጠየቅሁ፣ ክረምቱ እየገባ ነውና ብርዱ እንዳያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የቀበሌው ነዋሪና የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሠራተኛ የሆንኩት ገብረትንሣኤ መኩሪያ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔ ግን ያሳፍረኛል፤ በእኔ ፈንታ የታሰረው መካኒክ አብዱራሕማን ሙሔ ዛሬ በቀበሌው እስር ቤት አሥራ ዘጠነኛ ቀኑን ይዟልና። ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፈውም ሸንጎዎ ላሳየኝ ደግነት ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ነው።

አንደኛ፣ መኪናዬን ስለወደዱልኝ አመሰግናለሁ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘውን ያችን የጣሊያን የስፖርት መኪና የዛሬ ሁለት ዓመት ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር አማካሪ ላይ ስገዛት ርካሽ መስላኝ ነበር፤ ርካሽ የነበረችው ግን የተገዛች ዕለት ብቻ ነው። ፍሪሲዮኗ የባለቤቴን የትብለጽን የወርቅ አምባር በላ። ካርቡራቶሯ የሁለት ወር ደመወዜን ጨረሰ። ሌላው ሰው የቤንዚን ኩፖኑን ቆጥቦ ወሩን ሲያዳርስ፣ እኔ በሳምንቱ ጨርሼ ወደ ቢሮ የምሄደው በአውቶቡስ ነበር፤ ቁልፏን ግን ተሳፋሪው ሁሉ እንዲያየው በጣቴ ላይ አንጠልጥዬ እቆም ነበር። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል፤ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀለሙ ምክርዎ አመሰግናለሁ። መጋቢት መጨረሻ ላይ በወሎ ሰፈር ጋራዡ ያለው አብዱራሕማን ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ “ጋሼ፣ የፍሬን ዘይቱን የሚይዙት ጎሚኒዎች አልቀዋል። ከአስመራ የሚመጣ ሹፌር አዲስ አምጥቶልኛል፣ መቶ ሰማንያ ብር ነው። እሱ ሳይገባላት ባትነዷት ይሻላል” አለኝ። ባለቤቴ አብራኝ ቆማ ትሰማ ነበር። ብሩም በኪሴ ነበር። በማግሥቱ ግን እርስዎ መንገድ ላይ አስቁመውኝ፣ “ጓድ ገብረትንሣኤ፣ ለወዛደሮች ቀን በዚች መኪና አደባባይ ልንሄድ ነው፤ ቀለሟ እንዲህ ደብዝዞ?” አሉኝ። ብሩን ለቀለም ቀቢው ሰጠሁ፤ የጎደለውንም ተበድሬ ሞላሁ። ሚያዝያ 23 ቀን እርስዎ ጥቁር መነጽርዎን አድርገው ከጎኔ ተቀመጡና ሕዝቡ ዞር ዞር እያለ አየን። አንዳንዱ ያጨበጨበው ለእርስዎ ይሁን ለቀለሙ እስካሁን አልለየሁትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል፤ እኔ የደበቅሁትን ግን አያውቅም። ግንቦት 16 ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ወሎ ሰፈር ቁልቁል ስወርድ ፍሬኗን ረገጥሁ፤ እግሬ እስከ ወለሉ ሄደ። አንድ አውቶቡስ ቆሞ ሰው እያወረደ ስለነበር መሪውን ወደ ዳር ጠመዘዝሁት። በዳሩ ወይዘሮ ሲቲ፣ ሽንኩርትና ሎሚ የሚሸጡት እናት፣ በማዳበሪያ ከረጢታቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ግራ እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ተሰበረ። እኔ መሪውን ይዤ እንደ ደረቅሁ አብዱራሕማን ከጋራዡ ሮጦ ደረሰ፤ የጋራዡን የእንጨት በር ከነማጠፊያው ነቅሎ ሴትዮዋን በላዩ አስተኝቶ በጭነት መኪና ሐኪም ቤት አደረሳቸው።

ሦስተኛ፣ ስላመናችሁኝ አመሰግናለሁ። ግንቦት 24 ቀን ሸንጎው ተሰየመ። እርስዎ፣ “መካኒኩ ስለ ፍሬኑ ምን ብሎህ ነበር?” ብለው ሲጠይቁኝ፣ ከረባት አድርጌ ቆሜ፣ “ደህና ናት፣ ንዳት ብሎኛል” ብዬ መለስሁ። ይህን ለመናገር የወሰደብኝ ጊዜ አንድ ትንፋሽ አይሞላም። አብዱራሕማን፣ “ነግሬያቸዋለሁ፣ ባለቤታቸውም ሰምተዋል” ሲል፣ እርስዎ ባለቤቴን አስጠርተው መጠየቅ ሳያስፈልግዎ፣ “በጽሑፍ የሰጠኸው ነገር አለ?” አሉት። አልነበረውም። “እንግዲህ ጓድ ገብረትንሣኤ የተማረ ሰው ነው” ብለው ሠላሳ ቀን እስራትና የሴትዮዋን የሕክምና ወጪ ፈረዱበት፣ ጋራዡም ታሸገ። ስለ ጭቁኑ ሠርቶ አደር በየሳምንቱ ውይይት የሚመራው ሸንጎ፣ እጁ በዘይት የጠቆረውን ሠርቶ አደር ትቶ ባለ ስፖርት መኪናውን ስላመነ እጅግ ተደንቄያለሁ። አብዱራሕማን አንድ ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ “እሺ” ብሎ ከዘበኛው ጋር ሄደ። እኔ የማየው ጫማዬን ነበር።

ባለቤቴ ቤት ስገባ አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በማግሥቱ ምሳ ሠርታ፣ ሥጋችን ለእሱ እንደማይሆን ስለምታውቅ ምስርና ዳቦ ቋጥራ ወደ እስር ቤቱ ወሰደች፤ ከዚያ ወዲህም ቀን አላጎደለችም። በር ላይ ያለው ዘበኛ፣ “ምኑ ነሽ? ዘመዱ ነሽ?” ብሎ ቢጠይቃት፣ “የዋሸበት ሰው ሚስት ነኝ” አለችው። ይህን የሰማሁት ከእሷ አይደለም፤ ዘበኛው ራሱ በኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ፣ እኔ ከኋላው መቆሜን ሳያውቅ ለጓደኛው ሲያወራው ነው። ዳቦዬን ሳልገዛ ተመለስሁ።

ወደ ሐኪም ቤትም ሄድሁ። ወይዘሮ ሲቲ እግራቸው በጄሶ ተጠቅልሎ ተኝተው ነበር። እውነቱን ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ “እኔ እግሬ ይድናል፤ የሰው ልጅ ታስሮ አንተ እኔን ልትጠይቅ መጣህ? በል ተነስና ወደሚገባህ ሂድ” አሉኝ።

ስለዚህ ወደ እርስዎ መጣሁ፤ አራተኛው ምስጋናዬም በዚህ ነው። ባለፈው ማክሰኞ በቢሮዎ ተገኝቼ ውሸቴን ሳስረዳ፣ ከወንበርዎ ሳይነሱ፣ “መዝገቡ ተዘግቷል፤ የተዘጋ መዝገብ ከተከፈተ ሸንጎው ይናቃል። ይልቅ መኪናዋ ተሠርታ መቼ ትወጣለች? የእህቴ ሠርግ ደርሷል” አሉኝ። ዕድሜ ልኬን መዝገብ ያዥ ሆኜ፣ መዝገብ ከሰው ይልቅ እንደሚከበር ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። በዚህም አልፈርድብዎትም፤ ውሸቱን የሰጠሁዎ እኔ ነኝ፣ እርስዎ ያደረጉት መፈረም ብቻ ነው።

መኪናዋ ለሠርጉ ባለመድረሷ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ትናንት ለብረታ ብረት ሰብሳቢ ሸጥኋት። ገንዘቡ የወይዘሮ ሲቲን ሕክምና ችሎ ጥቂት ተርፏል፤ የተረፈውም ለጋራዡ አዲስ በር ይሆናል። ከዚያም ወደ እስር ቤቱ መስኮት ሄጄ ይህን ሁሉ ለአብዱራሕማን ነገርኩት። ይቅር እንዲለኝ ግን አልጠየቅሁትም፤ ድፍረቱ አልነበረኝም። እሱም፣ “ባለቤትዎን አመስግኑልኝ” ብሎ ከመስኮቱ ራቀ።

እንግዲህ ጓድ ሰብሳቢ፣ ትሑት ልመናዬ አንድ ነው። መዝገቡን መክፈት ሸንጎውን የሚያስንቅ ከሆነ ይዘጋ፤ በሩን ብቻ ይክፈቱት። ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ብርድ ልብሴን ይዤ እስር ቤቱ ደጃፍ እገኛለሁ፤ የቀሩት አሥራ አንድ ቀናት የእኔ ናቸው፣ ያለፉት አሥራ ዘጠኙም እንዲጨመሩብኝ አልቃወምም። የእስረኛ ቁጥር እንዳይጎድልብዎ አስቤ ነው።

ለሸንጎዎ ፈጣን ፍርድ ካለኝ የማይለካ አክብሮትና ለራሴ ካለኝ የሚለካ አክብሮት ጋር፣

በሐሰት የመሰከረው
ገብረትንሣኤ መኩሪያ

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ የእርስዎ ማኅተም ያስፈልገዋል ተብዬ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ብመላለስም ለሠርግ ጉዳይ ወጥተው አላገኘሁዎትም። ስለዚህ ዛሬ በኅብረት ሱቁ የስኳር ሰልፍ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብሁት። ስለ አስተዳደርዎ ምስጋና ይግባና ሰልፉ ከመርዘሙ የተነሣ ሁለት ጊዜ ለማንበብ ጊዜ በቅቶኛል።