አውሳንጋቴ በደመና የዋለበት ቅዳሜ

ለምሳሳልሽ ልጄ ለኒካንድራ፤

የሊማ ጭጋግ ደረትሽን ሳይነካው ይህ ደብዳቤ ይድረስሽ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንኩም። ወንድምሽ «እማዬ ከቤት መውጣት የለባትም» ብሎ የጻፈልሽን እንዳትሰሚው። ቅዳሜ ዕለት ከአበልጄ ከፍሎሬንቲና ጋር በአውቶቡስ ወደ ሐይቁ ወጥቼ ስዝናና ነው የዋልኩት!

እዚያው ሜዳ ላይ ጓል ከምረን፣ በእሳት አግለን፣ ድንቹን ከውስጥ ከተን ጓሉን ደረመስንበት። ሲበስል ከትኩሱ አፈር ውስጥ በእጄ እየዳበስኩ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አንድም አልቀረኝ። የበቆሎ ጠላው ሲቀዳ እንደ ወጋችን የመጀመሪያውን ጉንጭ ለምድር አፈሰስኩ፤ የፍሎሬንቲና ጫማ ላይ አረፈ። እግሯን እዚያ ምን አስዘረጋት?

«ኧረ አበልጅ፣ እኔ ገና አፈር አልሆንኩም!» አለችኝ።

«ወደዚያው ነሽ፤ ቅደሚ!» አልኳት። በሳቅ ሞትን።

ያናደደኝ ተራራው አውሳንጋቴ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ደመና እንደለበሰ ዋለ። ፍሎሬንቲና ግን «በረዶው እንዴት ያበራል!» ትላለች። ሊጎበኙ የመጡ ፈረንጆችም ወደዚያው ዞረው ፎቶ ያነሳሉ። ደመና ለማንሳት ባሕር አቋርጦ የሚመጣ ሰው አለ እንግዲህ!

መስመሮቼ ከተደራረቡ ጥፋቱ የብዕሩ ነው። ያንን የሊማ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ሰርዢው፤ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም።

ሰላምታዬ እንደዚያ ድንች ሳይቀዘቅዝ ይድረስሽ። ስትመጪ ግን ከአጥሩ ጀምረሽ ድምፅሽን እያሰማሽ ግቢ። ውሻው አርጅቷል፤ ሰው አይለይም።

እናትሽ ሳቱርኒና